ሕይወት አማና ናት፤ መልካምነትን ለነገ አናሳድር

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

በየጀናዛው ላይ ከሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት ንግግር አለች። «ትናንት እኮ ደኅና ነበር!» የምትል ናት። «ዐስርን አብረን ሰግደን ነበር» እንላለን። «ማለዳ ከሱቁ በር ላይ ሰላም ብሎኝ ነበር» እንላለን። ይህን የምንለው ሞት ያለ ቀጠሮ የመጣ ስለሚመስለን ነው። ቀጠሮው ግን ነበር፤ እኛ አላወቅነውም እንጂ። አላህ ለእያንዳንዱ ነፍስ የወሰነለት አጀል አለ። ያ ጊዜ ከደረሰ የሚያዘገየው ሀብት፣ የሚመልሰው ዘመድ የለም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ያ ሰው ትናንት ደኅና ከነበረ፣ ደኅና ሳለ ምን አደረግንለት? ሰላምታውን በፈገግታ መለስንለት ወይስ ፊታችንን አዞርን? ብድሩን ለመመለስ ጥቂት ቀን ሲለምነን ታገስነው ወይስ በሰው ፊት አዋረድነው? ለቀብሩ የሮጥነውን ያህል በሕይወት ሳለ ወደ ቤቱ ተራምደን ነበርን? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ሰው በሕይወት ሳለ፣ እኛም በሕይወት ሳለን፣ በየዕለቱ ልናደርገው ስለምንችለው ትንሽ ስለሚመስል መልካም ሥራ እንነጋገራለን ኢንሻአላህ።

ነፍስ የማን ናት?

ውድ አድማጮች! ነፍሳችን የራሳችን ንብረት አይደለችም። አማና ናት። አማና የተቀበለ ሰው ደግሞ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመልሳል፤ እስኪጠየቅም ድረስ በክብር ይይዛል። የጎረቤታችንም ነፍስ እንዲሁ ናት። የደጃፋችን ሊስትሮ፣ የመናኸሪያው ተሸካሚ፣ ከገጠር መጥታ ቤታችንን የምታገለግለው ልጅ፣ የሁሉም ነፍስ የአላህ አማና ናት። ስለዚህ አንድን ሰው ስናንገላታ የምንዳፈረው ሰውየውን ብቻ አይደለም። የአማናውን ባለቤት ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ አንዲትን ነፍስ ያለ ሐቅ መግደልን የሰውን ዘር ሁሉ እንደ መግደል፣ አንዲትን ነፍስ ማዳንንም ሁሉን እንደ ማዳን አድርጎ መቁጠሩን ሁላችንም እናውቃለን። ልብ እንበል። እዚህ ላይ ሀብታም ነፍስ፣ ደሃ ነፍስ፣ የተማረ ነፍስ፣ ያልተማረ ነፍስ የሚል ልዩነት የለም። የነፍስ ዋጋዋ በፈጣሪዋ ነው።

ነፍስ ውድ የመሆኗን ያህል ደካማ መሆኗን አካባቢያችን በመከራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግስቱ ዓመት በ1954 የጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ዛሬ ሁላችንም የምንታከምበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዚያ ሥራ ፍሬ ነው። ከ4 ዓመት በኋላ በ1958 ደግሞ ወባ ወደ አገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ወጥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። በአንድ ቤት አባትም እናትም ልጆችም በአንድ ጊዜ በትኩሳት ሲወድቁ፣ ደጃፉን ከፍቶ አንዲት ጣሳ ውኃ የሚያቀብል ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እንዲህ ባለ ቀን የሰው ልጅ ከሰው የሚፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ውኃ ነው። ሾርባ ነው። «አለሁ» የሚል ድምፅ ነው።

ከሐበሻ የተመለሰው ቤተሰብ

የተከበራችሁ አድማጮች! እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች የነጃሺን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። እ.ኤ.አ. በ615 ዓ.ም. ገደማ የመካ ሙሽሪኮች ሙእሚኖችን ባስጨነቁ ጊዜ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሐቦቻቸውን ወደዚች አገር ላኩ። ንጉሡም አስጠለላቸው፤ አሳልፎም አልሰጣቸውም። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የማናነሣውን የዚህን ታሪክ ተከታይ እናንሣ።

በንጉሡ ፊት ቆመው ስለ ኢስላም የተናገሩት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) አብረዋቸው ተሰደዱ። ልጃቸው ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ ከ10 ዓመት በላይ እዚህ ከኖረ በኋላ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸይበርን በከፈቱበት ወቅት ተመለሰ። ከናፍቆትና ከስደት በኋላ ዕረፍት ተገኘ ሲባል፣ በቀጣዩ ዓመት ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ።

ያን ቀን አስማእ በቤታቸው ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገቡ። ልጆቹን አስጠሯቸው፤ አቀፏቸው፤ ዐይናቸውም እንባ አቀረረ። አስማእ ነገሩን ተረዱ፤ ጮኹም። እስቲ ያችን ቤት በዐይነ ሕሊናችን እንያት። ሊጡ ተቦክቷል፤ የሚጋግረው ግን የለም። ልጆቹ ታጥበዋል፤ የሚያዩት አባት ግን ከእንግዲህ አይመጣም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ ቤት እንደወጡ ምን አደረጉ? ረጅም ንግግር አላደረጉም። ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ ወደ ራሳቸው ቤት ትእዛዝ ሰጡ። ምክንያቱንም ተናገሩ፤ ቤተሰቡ የደረሰበት ነገር ስለ ራሱ እንዳያስብ ይዞታል። ከሦስት ቀን በኋላም ተመልሰው መጡ። የልጆቹን ፀጉር የሚላጭ ሰው አስጠርተው አስላጯቸው። ሱብሓነላህ! ጦር የሚያዘምቱ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው፣ የኡማው መሪ የሆኑ ነቢይ የየቲም ልጆች ፀጉር ማደጉን አስተዋሉ።

ወገኖቼ! ወደ ሐዘን ቤት ምግብ ይዞ የመሄድ ልማዳችን መሠረቱ እንግዲህ ይህ ነው። የጀመረው ደግሞ በኛ አገር እንግድነት በልቶ በኖረ ቤተሰብ ላይ ነው። ታዲያ ይህን ሱና እንደ ሱናነቱ እንያዘው። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ሐዘንተኛው ራሱ ለቀስተኛ የሚያበላ፣ ለዚህም ብድር የሚገባ ይሆናል። ባሏ የሞተባት ሴት ከሐዘኗ ጋር ዕዳ ይጨመርባታል። ሱናው ለነርሱ መሥራት ነው፤ እነርሱን ማሠራት አይደለም። ወደ ሐዘን ቤት ስንሄድ ይዘን እንሂድ፤ ስንቀመጥ ቀለል ብለን እንቀመጥ። ሦስቱ ቀን አልፎ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሲመለስ ደግሞ እኛ እንመለስ። የየቲሞቹ ፀጉር የሚያድገው ያን ጊዜ ነውና።

በመንገድና በመናኸሪያ

መልካም ሥራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ገንዘብ ነው። «እኔ ድሃ ነኝ፤ ምን አለኝና!» እንላለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ይህን በር ዘግተውታል። በሰው አካል ላይ ላለው ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ በየቀኑ ሶደቃ እንዳለበት አስተምረዋል። ለመሆኑ ድሃው ይህን ሁሉ ሶደቃ ከየት ያመጣል? ሁለት ሰዎችን በፍትሕ ማስታረቅ ሶደቃ ነው። መልካም ቃል ሶደቃ ነው። ከመንገድ ላይ የሚጎዳ ነገር ማንሣት ሶደቃ ነው። ለወንድም ፊት ፈገግ ማለት ሶደቃ ነው። ሰውን በእንስሳው ላይ እንዲወጣ መርዳት፣ ዕቃውንም ማንሣት ሶደቃ ነው።

ይህንን የመጨረሻውን ወደ ጎንደር መናኸሪያ ይዘነው እንሂድ። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ የመጡ አዛውንት ጆንያቸውን ይዘው ከመኪና ለመውረድ ሲቸገሩ፣ አንድ ወጣት ተቀብሎ ቢያወርድላቸው ምን ያስወጣዋል? ቋንቋውና ከተማው ግራ የገባው መንገደኛ «ካርድ የሚወጣው የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጣት ቀስሮ ከማለፍ ይልቅ ሃምሳ እርምጃ አብሮ መሄድ ምን ያጎድላል? የባጃጅ አሽከርካሪ ወንድሜ! ነፍሰ ጡር ስታይ ጉድጓዱን ቀስ ብለህ እለፍ። የሚኒባስ ረዳት ወንድሜ! እናትን «ቶሎ በይ!» ብለህ አትጩህባት። ባለሱቅ ወንድሜ! ከገጠር የመጣው ሰው ዋጋ አያውቅም ብለህ አትጨምርበት። እነዚህ ሁሉ ዋጋቸው በአኺራ ሚዛን የሚታወቅ ሶደቃዎች ናቸው።

በመዲና መስጂዱን የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች። በሞተች ጊዜ ሰሐቦች ነገሩን እንደ ቀላል ቆጥረው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እርሳቸው ግን ማጣታቸውን አስተዋሉ፤ ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም አሉ፤ ወደ መቃብሯ ሄደውም ሰገዱባት። የኛን መስጂድ የሚጠርገው ማነው? ስሙን እናውቃለንን? ሁለት ቀን ቢጠፋ እንጠይቃለንን?

ጠያቂ የሌለው በሽተኛ

ሌላው ሰፊ የመልካም ሥራ በር የታመመን መጠየቅ ነው። አላህ በቂያማ ቀን ባሪያውን «ታምሜ ለምን አልጠየቅኸኝም» ብሎ እንደሚወቅሰው፣ ባሪያውም በመደነቅ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ሲጠይቅ፣ የታመመውን ባሪያዬን ብትጠይቅ ኖሮ እኔን እርሱ ዘንድ ባገኘኸኝ የሚል መልስ እንደሚያገኝ በሐዲሰል ቁድሲ ተነግሮናል። እኛ ግን የምንጠይቀው ማንን ነው? የዘመድ ብዛት ያለውን ነው። አልጋው ዙሪያ ቆሞ ቦታ የሚያጣውን፣ ብርቱካን የሞላለትን ነው።

አሁን ሌላውን እንመልከት። በየዓመቱ በክረምትና በመኸር ወራት ከደጋው ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ ዐጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ሌሊት ከቤት ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ይተኛል። እዚያም ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ፣ በዐይን የማትታይ ያህል ደቃቃ የአሸዋ ዝንብ ትነድፈዋለች። ትኩሳቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ በጣፊያው ማበጥ ይነፋል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚገድል በሽታ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዚህ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ፤ አላህ ባለሙያዎቹን ይመንዳቸው። ሕክምናው ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ያ ልጅ ሳምንታት ይተኛል። እናቱ በተራራው ማዶ ናት። የጉልበት ዋጋው አልቋል። አስታማሚ የለውም።

የጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች ሆይ! የዚህ ልጅ ዘመድ ማነው? ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሁለት ወጣቶች አንድ ሰሐን ምግብ ይዘው፣ የሆስፒታሉን ሥርዓት አክብረው «ጠያቂ የሌለው ታማሚ አለን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ልጅ ለሕይወቱ ዘመን አይረሳቸውም። ሃይማኖቱን መጠየቅ አያስፈልግም። በሽታው ሲይዘው አልጠየቀውም።

ስለ ደምም አንድ ነገር እንበል። ደም ፋብሪካ አያመርተውም፤ ከሰው ብቻ ነው የሚገኘው። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ እንኳ ከ5 ወይም ከ6 ሳምንት አያልፍም። ስለዚህ «ዐምና ብዙ ሰው ሰጥቷል» ማለት ለዘንድሮ ታማሚ አይጠቅምም። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል። በረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይሻላል። ብዙ ዑለማዎች ነፍስ ለማዳን ደም መለገስን የፈቀዱት ከላይ ያነሣነውን የማኢዳን ትምህርት ተመልክተው ነው። ዘመድ ሲታመም ብቻ አንሩጥ፤ የማናውቀውን ሰው ዘመድ እናድርገው።

የደጋው ቃሬዛ

በሰሜን ተራሮች ዙሪያ መኪና የማይደርስባቸው ብዙ መንደሮች አሉ። እዚያ ሰው ሲታመም የሚጓዘው በሰው ትከሻ ላይ ነው፤ በቃሬዛ። ሸክሙ ከባድ ነው፤ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፤ ጉሙ መንገድ ይሰውራል። ተሸካሚዎች እየተቀያየሩ፣ ላባቸው በብርዱ እየደረቀ ይወርዳሉ።

ስለ እናቶች ሞት ያጠኑ ሰዎች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋም ደርሶ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት ካልታከመች በ2 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሰዓት! አማት «እኛም በቤት ወልደናል» እያለች የምታስቆምበት ጊዜ፣ ባል በሬ ሸጦ ብር እስኪያገኝ የሚቆይበት ጊዜ፣ የአንዲት ነፍስ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ መልካምነት ምን ይመስላል? አማት «ልጄ፣ አሁኑኑ ሂጂ» ስትል መልካምነት ነው። ጎረቤት የቀሩትን ልጆች ሲጠብቅ፣ ከብቱን ሲያስገባ መልካምነት ነው። ጎረምሶች ተራ ሳይጠበቅላቸው ቃሬዛውን ሲያነሡ መልካምነት ነው። እድሩ ለቀብር ከሚያስቀምጠው ገንዘብ ላይ ለሕመምተኛ መጓጓዣ የሚሆን ሲለይ ታላቅ መልካምነት ነው። ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን የሚተክልለት እድር ሳይሞት ቃሬዛውን ቢያነሣለት ምንኛ በተሻለ! ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ የተዘጋባቸው፣ አምቡላንስ ያልተገኘባቸው ብዙ ቀኖች አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ከአላህ በታች የቀረው የጎረቤት ትከሻ ብቻ ነው።

መልካምነት ከቤት ይጀምራል

ውጭ ፈገግ ብሎ ቤት ሲገባ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አለ። ለእንግዳ «እባክህ» ብሎ ለሚስቱ «አምጪ!» የሚል አለ። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለ10 ዓመት ያህል ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሏቸው ተናግረዋል። አነስ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ልጅ ደግሞ ዕቃ ይሰብራል፣ መልእክት ይረሳል።

እህቶቼ! ከገጠር የመጣችው ሠራተኛችን የሰው ልጅ ናት። ብርጭቆ በሰበረች ቀን የምንናገራትን ቃል እናስብ። እንጀራ ስንሰጣት ከምንበላው ይሁን። ቀኑን ሙሉ እየጾሙ ሌሊቱን እየሰገዱ ጎረቤታቸውን በምላሳቸው ስለሚያስቸግሩ አንዲት ሴት በተነገራቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ሁሉ ዒባዳ እንደማይጠቅማት ገልጸዋል። አቡ ዘርንም (ረ.ዐ.) መረቅ ሲሠሩ ውኃውን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያደርሱ መክረዋቸዋል። ሥጋ ጨምሩ አላሏቸውም፤ ውኃ ጨምሩ ነው ያሏቸው። ኑሮ በተወደደበት ዘመን ከዚህ የቀለለ ምክር ከየት ይገኛል?

የቆሰለ ጉርብትና

የተከበራችሁ አድማጮች! አሁን ከባዱን ነገር እናንሣ። ስለ መልካምነት በጎንደር እየተናገሩ ይህን መዝለል ታማኝነት አይሆንም።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ረመዳን ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን ፋሲካን ባከበሩ በሁለተኛው ቀን፣ የሸኽ ከማል ለጋስ ጀናዛ በሚቀበርበት ጊዜ ጥቃት ደረሰ። ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት በወቅቱ አስታወቀ። ሌሎችን ለመቅበር የወጡ ራሳቸው ለመቀበር በቁ። አላህ ይማራቸው፤ ሸሂድነታቸውንም ይቀበላቸው። ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን ይስጥ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአንዳንዱ ቤት የጎረቤት ቡና ተቋርጧል። «ከነርሱ ጋር ምን አለኝ?» የሚል ልብ አለ። ይህን ልብ አንወቅስም፤ ቁስሉ እውነተኛ ነው። ፍትሕ መጠየቅም ሐቅ ነው። መልካምነት ማለት ሐቅን መተው፣ ዙልምን ዙልም አለማለት አይደለም። ነገር ግን ጥያቄ አለን። ያች በሯ ከበራችን የሚገናኘው፣ ልጆቻችንን ያቀፈችው፣ በዒድ ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» ያለችው እናት ምን አደረገች? አላህ በሱረቱል ሙምተሒና በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተጋደሉን፣ ከቤታችንም ላላስወጡን ሰዎች በጎ መዋልን፣ በፍትሕም መያዝን እንዳልከለከለን አስተምሮናል። እንግዲያውስ ያልበደለንን በበደለን ሰው ዕዳ መያዝ ፍትሕ አይደለም። አንዱ ስለ ሌላው ወንጀል አይጠየቅም።

ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ ደጋግመው የጠየቁት ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው ተሰጥቶ እንደሆነ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ። የአይሁዳዊ መሆኑ ሲነገራቸው የሰጡት መልስ በአንድ ጥያቄ ያለቀ ነው፤ እርሱስ ነፍስ አይደለችምን? በጀናዛ ላይ ነፍስ የጠፋባት የኛ ከተማ ይህን ሐዲስ ከሌላው ይበልጥ ልትይዘው ይገባታል። የኛ ጀናዛ በክብር እንዲያልፍ የምንሻ ሰዎች የሌላውም ጀናዛ ሲያልፍ በክብር የምንቆም መሆን አለብን። ጎረቤት ሲሞትበት ሄዶ ማጽናናት፣ ምግብ ማድረስ፣ ልጆቹን መጠየቅ ከሃይማኖታችን አንዳች አይቀንስም። በእምነታቸው ሥርዓት መካፈልና በሐዘናቸው ማጽናናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጎንደር ይህን የምትማረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ሰፈሩ ተለየ። ነገር ግን ነጋዴውና ሸማኔው ሙስሊም የሠራውን ሸማ ክርስቲያኑ ለበሰው፤ ክርስቲያኑ ያረሰውን እህል ሙስሊሙ በላው። አዋጅ የለየውን ሰው ገበያና ለቅሶ አገናኘው። ከ350 ዓመት በላይ የቆየን ጉርብትና በአንድ ቀን ክፉ ሥራ ለሠሩ ሰዎች አሳልፈን አንሰጥም።

ለዚህ ሳምንት

ንግግር ሰምቶ መነሣት ቀላል ነው። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ፕሮግራም ሦስት ነገሮችን ይዘን እንለያይ። አንደኛ፣ ከቤተሰባችን ውጭ አንድ ታማሚ እንጠይቅ፤ ቢቻል ጠያቂ የሌለውን። ሁለተኛ፣ ሐዘን ከደረሰበት ወር ወይም ሁለት ወር ወደሆነው፣ ሰው ወደረሳው አንድ ቤት ምግብ ይዘን እንሂድ፤ ልጆቹንም እንመልከት። ሦስተኛ፣ ሰላምታ ያቋረጥነውን አንድ ሰው፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ እኛ ቀድመን ሰላም እንበለው። ሽማግሌ አንጠብቅ። አስታራቂው ሳይደርስ አጀል ሊደርስ ይችላል።

ልጆቻችሁም ይስሙ፤ አብረዋችሁም ይሂዱ። ሰሐኑን እነርሱ ይያዙ። ልጅ መልካምነትን የሚማረው በእግሩ ሄዶ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቂያማ ሊቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። ዓለም ሊያልቅ ሲል ችግኝ ከተተከለ፣ እኛ በቀረን ጥቂት ዕድሜ አንዲት መልካም ቃል ለመትከል ጊዜ አጣን ማለት አንችልም።

ያ አላህ! ልባችንን በእዝነት አለስልስልን። ሙታኖቻችንን ማራቸው፤ ሕመምተኞቻችንን አሽራቸው፤ የቲሞቻችንን ጠብቃቸው። በተራራው ላይ በቃሬዛ ለሚጓዙት መንገዱን አቅናላቸው። ለአገራችን ሰላሙን፣ ለተበደሉት ፍትሑን አውርድ። አማናህን ስትጠይቀን፣ በክብር ይዘን ከመለሷት ባሮችህ አድርገን። ኣሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።